ዳዊት መድገምና ድግምት፤ ስለ ቅዱስ እንጦንስ ገድል የቀረበ ሐተታ

በአማርኛ ደገመ ከሚለው ግሥ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ አንዱ ዳዊት መድገም ነው፥ ሁለተኛው ድግምት ነው። ምእመን በመንፈቀ ሌሊት ተነሥቶ መዝሙሩን ሲያደርስ ደገመ ይባላል፤ አስማተኛም ባላጋራውን ለመጉዳት ወይም ሀብት ለመሳብ ስም እየጠራ ሲያነበንብ ደገመ ይባላል። የከንፈሩ እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሚነበበው ቃል ራሱ ከአንድ መዝሙር የተቀዳ ይሆናል። እንግዲያስ ልዩነቱ ወዴት አለ? ፈተና በመጣበት ጊዜ በመጽሐፍ ቃል የሚመክት ክርስቲያን በቃሉ መታመኑ ነውን ወይስ ድግምት መድገሙ ነው? ይህ ጥያቄ የቃል ጨዋታ አይደለም። ዳዊቱን ከትራሱ ሥር አኑሮ የሚተኛ ሰው፥ ለልጁም አንገት ክታብ የሚያስጽፍ አባት፥ ሳያውቁት ዕለት ዕለት የሚመልሱት ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት መጻሕፍት መካከል ግልጥ መልስ የሚሰጠው ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው የቅዱስ እንጦንስ ገድል ነው። አትናቴዎስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሾሞ ወደ አክሱም የላከ፥ ስለ ሃይማኖቱም አምስት ጊዜ ከመንበሩ የተሰደደ አባት ነው። እንጦንስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ ካረፈ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፥ በሩቅ አገር ያሉ መነኮሳት የዚያን አባት ኑሮ ጽፎ እንዲልክላቸው ቢለምኑት ይህን መጽሐፍ በጽርዕ ጻፈ። መጽሐፉ ወደ ሮማይስጥ፥ ወደ ቅብጥ፥ ወደ ሱርስትና ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ ዛሬ በሚታተምበት አከፋፈልም 94 ምዕራፍ አለው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የእንጦንስን ዕረፍት ጥር 22 ቀን ታስባለች፤ መነኮሳቷም የምንኵስና ትውልዳቸውን ከእርሱ ጀምረው በመቃርስና በጳኩሚስ በኩል ወደ አቡነ አረጋዊ ያወርዳሉ።

ገድሉን የሰማ ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው አጋንንት በአንበሳ፥ በድብ፥ በነብር፥ በእባብና በጊንጥ አምሳል መጥተው ቅዱሱን መክበባቸውን ነው። ሠዓሊም ብሩሹን ሲያነሣ የሚቸኵለው ወደዚሁ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ ቍልፍ ያለው አራዊቱ ከመምጣታቸው በፊት፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። እንጦንስ አባትና እናቱ በሞቱበት ጊዜ ዕድሜው 18 ወይም 20 ዓመት ያህል ነበረ፤ የቀረለትም አንዲት ታናሽ እኅትና 300 አሩራ ለም መሬት ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ልክ ሁለት ጋሻ ያህል ይሆናል። አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ ጌታ ለባለጸጋው ጐልማሳ የሰጠው ትእዛዝ፥ ይኸውም ንብረቱን ሸጦ ለድኾች መጽውቶ እንዲከተለው ያዘዘው ሲነበብ ሰማ (ማቴ. 19)። ንባቡ ለእርሱ ብቻ የተነበበ መስሎ ታየው። ወጥቶም መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ለቀቀ፤ የቀረውን ሸጦ ለድኾች ሰጠ፤ ስለ እኅቱ ብቻ ጥቂት አስቀረ። ሁለተኛ በገባ ጊዜ ስለ ነገ መጨነቅን የሚከለክለውን ትምህርት ሰማ (ማቴ. 6)፤ ያንኑ ጥቂቱንም አውጥቶ ሰጠ፤ እኅቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ ወደ ተጋድሎው ሄደ።

እንግዴህ የነገሩ ተራ ይስተዋል። እንጦንስ የመጽሐፍን ቃል በዲያብሎስ ላይ ከመናገሩ አስቀድሞ ቃሉ በራሱ ላይ ተናግሮበታል፤ ሁለት ጋሻ መሬትም አስከፍሎታል። አትናቴዎስ ይህን በሐተታ አይናገርም፤ በታሪኩ ቅደም ተከተል ብቻ ያሳያል። ጸሓፊው እንደሚለው እንጦንስ በልጅነቱ ፊደል ለመማር ወደ ትምህርት ቤት መሄድን አልወደደም፤ ነገር ግን ንባብን ከማዳመጡ ብዛት አንዲት ቃል እንኳ ስለማትወድቅበት ልቡናው በመጽሐፍ ፈንታ ሆነለት። ይህ ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፤ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን በቃሉ ይዞ ይኖራልና። ዳሩ ግን በቃል መያዝ ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንደበት የሚያዝ አለ፥ በኑሮ የሚያዝ አለ። መጽሐፉ የሚያከብረው ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በአምስተኛው ምዕራፍ ሲመጣ አራዊት የሉበትም። ጠላት የሚያመጣው ትዝታን ነው፤ የተወውን ሀብት፥ የእኅቱን ነገር፥ የዘመድን ፍቅር፥ ገንዘብን፥ ክብርን፥ የማዕድን ጣዕም፥ ደግሞም የምግባርን ድካምና የዘመኑን ርዝመት ያሳስበዋል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚበዛው እንጦንስ የወንጌሉን ንባብ ሰምቶ የተወው ነገር ነው። ስለዚህ ክርክሩ በመሬትና በገንዘብ ላይ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን የተሰማው ቃል እውነት ነበረን ወይስ ያልበሰለ ጐልማሳ ስሕተት ነበረ የሚል ክርክር ነው። ፈተና ሁሉ በመጨረሻው ወደዚህ ይመለሳል። በኤደንም እባብ የጀመረው ፍሬውን በማመስገን አይደለም፤ እግዚአብሔር በእርግጥ ተናግሯልን በሚል ጥያቄ ነው። እንጦንስ በዚህ ፈተና የጸናው በጾም፥ በጸሎትና ጌታን በማሰብ ነው። የዝሙት መንፈስ በሕፃን አምሳል ተገልጦ ድል መነሣቱን ከተናገረ በኋላ ቅዱሱ ከ117ኛው መዝሙር አንድ ቃል ይመልስለታል። ያ ቃል ግን የድሉ ምክንያት ሆኖ አልተጻፈም፤ ድሉ የማን እንደ ሆነ መመስከሪያ ሆኖ የተጻፈ ነው እንጂ።

ከዚህ የሚልቀው የመቃብሩ ነገር ነው፤ የገድሉም ጫፍ እርሱ ነው። እንጦንስ ከመንደሩ ርቆ ወደ መቃብር ቤት ገብቶ በሩን አዘጋ። አጋንንት ሌሊት መጥተው እጅግ አድርገው ደበደቡት፤ መናገር ተስኖት በምድር ላይ ወደቀ፤ በማግሥቱ ምግብ የሚያመጣለት ወዳጁ እንደ ሞተ ሰው ተሸክሞ ወደ መንደር ወሰደው። ዘመዶቹ እንደ አስከሬን ከበውት ሳሉ በመንፈቀ ሌሊት ነቃ፤ ወዳጁን በጥቅሻ ጠርቶ ወደዚያው መቃብር እንዲመልሰው ለመነው። ከቍስሉ የተነሣ መቆም ስላልቻለ ተኝቶ ጸለየ፤ ተኝቶም ሠራዊት ቢከበው ልቡ እንደማይፈራ የሚናገረውን የ26ኛውን መዝሙር ቃል ዘመረ። የአራዊቱ ግርግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወግተውት ሥቃዩ በረታ፤ እርሱ ግን በሥጋው እያቃሰተ በልቡናው ነቅቶ ይሣለቅባቸው ነበረ። በፍጻሜው ጣራው የተከፈተ መስሎ የብርሃን ጮራ ወረደ፥ አጋንንቱም ጠፉ፥ ሥቃዩም ቀረ። በዚያን ጊዜ ጌታን ስለ ምን በመጀመሪያ እንዳልተገለጠ ጠየቀው፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ በዚያ እንደ ነበረና ተጋድሎውን ለማየት እንደ ታገሠ የሚገልጥ ድምፅም መጣለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መዝሙሩ ምን ሠራ? ዱላውን አላስቀረም። አራዊቱንም አላራቀም፤ እንዲያውም ከተዘመረ በኋላ ባሱ። ድግምት ቢሆን ኖሮ ደጋሚው ከሰረ ይባል ነበር፤ ድግምት የሚመዘነው በሚያስገኘው ውጤት ነውና። መዝሙሩ ግን ሰውዬውን በስፍራው አጸናው። ረድኤት በማይታይበት ሰዓት ረዳት እንዳለ ተናገረ፤ ብርሃኑም ሲመጣ መዝሙሩ የተናገረው ነገር አስቀድሞ እውነት እንደ ነበረ ታወቀ። አትናቴዎስ ድሉን ከሥቃዩ በኋላ ማምጣቱ፥ በሁለቱም መካከል ዝምታውን ማርዘሙ፥ አንባቢ መታመን ምን እንደ ሆነ በታሪኩ ውስጥ እንዲቀምሰው ያደርጋል። ሌሎች ጸሓፍት ቢሆኑ ጥቅሱን ጠርተው ወዲያው አጋንንቱን ባሸሿቸው ነበር።

ከ16ኛው እስከ 43ኛው ምዕራፍ ያለው የእንጦንስ ረጅም ምክር ደግሞ ነገሩን ወደ ሥሩ ያወርደዋል። በ25ኛው ምዕራፍ ቅዱሱ አጋንንት ራሳቸው መዝሙር እንደሚዘምሩ፥ የመጽሐፍንም ቃል እንደሚያስታውሱ፥ መነኮሳት ሲያነቡ እንደ ገደል ማሚቶ ተቀብለው እንደሚደግሙ ይናገራል። ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ለጸሎት የሚያስነሡበት ጊዜም አለ፤ ይህንም የሚያደርጉት ስለ ጽድቅ ሳይሆን ተጋዳዩን አታክተው ተስፋ ለማስቈረጥ ነው። ስለዚህ ቃሉን መጥራት ብቻውን የወዳጅ ምልክት አይደለም፤ ጠላትም ይጠራዋልና። ገደል ማሚቶም ቃሉን ሳያጐድል ይመልሰዋል፤ ግን የሰማው የለም።

ይህ ትምህርት የተቀዳው ከወንጌሉ የገዳም ፈተና ነው። በዚያ ታሪክ መጽሐፍ የጠቀሰው ጌታ ብቻ አይደለም፤ ዲያብሎስም ጠቅሷል። በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ የመረጠው 90ኛው መዝሙር ነው፤ ከመዝሙራት ሁሉ ይልቅ ስለ መታመን የሚናገረው መዝሙር መሆኑ ይደንቃል። ሲጠቅስ ግን ቈርጦ ነው። የማቴዎስ ወንጌል በጽርዕ ንባቡ እንደሚያሳየው፥ መላእክት ሰውን በሚሄድበት መንገድ ሁሉ እንደሚጠብቁት የሚናገረውን ሐረግ ዘለለው፤ ከጫፍ መወርወር የሰው መንገድ አይደለምና። ወደሚከተለውም ቍጥር አልደረሰም፤ በዚያ አንበሳና ዘንዶ እንደሚረገጡ ተጽፏልና። የቅኔ መምህር ይህን ቢሰማ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጣለ ይላል። ሰሙ መላእክት በእጃቸው መሸከማቸው ነው፤ ወርቁ በልዑል ጥላ ሥር ተጠግቶ መኖር ነው። ዲያብሎስ ተስፋውን ከተጠጋው ሰው ለይቶ ብቻውን አቀረበው፤ መታመንንም ወደ መፈታተን ለወጠው።

ጌታ የመለሰው ሦስቱም መልስ ከአንድ መጽሐፍ፥ ከኦሪት ዘዳግም ከ6ኛውና ከ8ኛው ምዕራፍ ነው። ይህ በዕድል የሆነ አይደለም። እነዚያ ምዕራፎች ሙሴ እስራኤል በበረሃ ያሳለፉትን 40 ዓመት እያስታወሰ የሚመክርባቸው ናቸው። እስራኤል ተርበው ስለ እንጀራ አጕረመረሙ፤ በማሳህ ውኃ ባጡ ጊዜ እግዚአብሔርን ተፈታተኑት፤ ለጥጃም ሰገዱ። ጌታ 40 ቀን ጾሞ ሕዝቡ በወደቁበት ስፍራ ቆመ፤ ለወደቁት የተሰጠውንም ትእዛዝ ለራሱ አድርጎ ተናገረው። መምህራን ሦስቱን ፈተና ስስት፥ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ብለው ሲተረጕሙ ቈይተዋል፤ ማቴዎስ መንግሥታትን በመጨረሻ፥ ሉቃስ ደግሞ ቤተ መቅደሱን በመጨረሻ ቢያደርጉትም ፍሬው አይለወጥም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከሦስቱ መልስ አንዱ እንኳ ዲያብሎስን የሚያዝ ቃል አለመሆኑ ነው። ሦስቱም ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ሊኖር እንደሚገባው የሚናገሩ ናቸው። ጌታ መልሱን የተናገረው ራሱን ከትእዛዙ በታች አድርጎ ነው፤ ከትእዛዝ በታች የቆመውን ደግሞ ዲያብሎስ ከስፍራው ሊያነሣው አልቻለም።

የእንጦንስ ገድል ነውር የለበትም ማለት አይቻልም። ረጅሙ ምክር ከ25 ምዕራፍ በላይ መያዙ የታሪኩን እርምጃ ያስቆማል፤ አንድ ሐሳብም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። የአጋንንቱም ሥዕል እጅግ ደማቅ ስለ ሆነ ሰነፍ አንባቢ በእርሱ ተይዞ ይቀራል፤ አራዊቱን ቈጥሮ 300ውን አሩራ ይረሳል። ከዚህ መጽሐፍ በኋላ የተጻፉ ብዙ ገድሎች የተከተሉት ይህንኑ ደማቁን ክፍል ነው፤ ድንቁ በዝቶ ማዳመጡ አነሰ። ይህ ግን ከአትናቴዎስ ይልቅ የቀጂዎቹ ዕዳ ነው።

ከእንጦንስ አንድ ትውልድ በኋላ በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪዮስ፥ ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እጅ ዲቁና የተቀበለው፥ ይህን ጥበብ በሥርዓት ጻፈው። በ399 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ያዘጋጀው የመቃወሚያ መጽሐፍ ስምንት ክፍል አለው፤ ለስስት፥ ለዝሙት፥ ለፍቅረ ንዋይ፥ ለኀዘን፥ ለቍጣ፥ ለመሰልቸት፥ ለከንቱ ውዳሴና ለትዕቢት ለእያንዳንዱ ሐሳብ ከመጽሐፍ መልስ ተመርጦለታል፤ ጥቅሱ ሁሉ ወደ 500 ይጠጋል። የጽርዑ መጽሐፍ ጠፍቶ በሱርስትና በአርመን ቋንቋ ተርፏል። ምክንያቱም መልካም ነው፤ በጦርነት ሰዓት መልሱን ከሰፊው መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳልና አስቀድሞ ተሰናድቶ ይቈይ ማለት ነው። ጥቅሙ አይካድም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ግን አደጋ አለበት፤ የመድኀኒት መዝገብ ይመስላልና፥ ሕመሙን ፈልጎ ቅጠሉን ማንሣት ብቻ የሚበቃ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የእንጦንስ ገድል ይህን አደጋ የሚያርቀው ጥቅሱን ከሰው ኑሮ ሳይለይ ስለሚተርከው ነው። ሁለቱን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ገድሉን ቢያስቀድም፥ ዝርዝሩን ቢያስከትል ይሻላል።

ገድሉ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በሩቅ ምዕራብ የሆነው ነገር ይመሰክራል። በ386 ዓ.ም. አውግስጢኖስ በሚላኖ ከተማ ከፍትወቱ ጋር እየታገለ ሳለ አንድ እንግዳ የእንጦንስን ታሪክ ነገረው። ጥቂት ቈይቶ በአትክልት ስፍራ ሲያለቅስ የልጅ ድምፅ ሰማ፤ እንጦንስ የተነበበውን ለራሱ እንደ ተቀበለም አስታውሶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ዓይኑም በሮሜ 13ኛ ምዕራፍ ላይ ዐረፈ። በኢትዮጵያ መጽሐፍ ገላጭ የሚባለውን ጠንቋይ የሚያውቅ ሰው ይህ ከዚያ በምን ይለያል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ልዩነቱ በተገኘው ነገር ነው። ጠንቋዩ የሚገልጠው ዕድልን ለመንገር ነው፤ ጠያቂውም እንደ ገባ ይወጣል። አውግስጢኖስ ግን ያገኘው የሚወደውን ልማዱን እንዲተው የሚያዝ ቃል ነበረ፤ ተወውም። ቃሉ ከአንባቢው አንድ ነገር ጠይቆ ከወሰደ ያ ንባብ ጥንቈላ አይደለም።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን መለየት ከጥንት ስትደክምበት ኖራለች። ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን በመጻሕፍቱ በብርቱ ገሥጿል። ሆኖም ክታቡ አልጠፋም፤ የወንጌልና የመዝሙር ቃል ካልታወቀ ስም ጋር ተቀላቅሎ በብራና ተጽፎ፥ በቈዳ ተሰፍቶ በአንገት መንጠልጠሉ አልቀረም። ልጇ በንዳድ የተያዘባት ድኻ እናት ክታብ ብታስጽፍ በፍቅር ነውና እርሷን መናቅ አይገባም። የሚነቀፈው ክታቡን ሽጦላት ቃሉን ያላስተማራት ነው። የመዝሙሩን ትርጓሜ የሚያውቅ ሰው ለማታውቀው ሴት ብራናውን ብቻ ከሰጣት፥ ሰሙን ሸጦ ወርቁን ደብቋልና።

ካህኑ በሕሙም ላይ ዳዊት ሲደግም፥ ምእመኑም ፈተና ባሰበት ጊዜ የሚያውቀውን ቃል ሲጠራ ግን ይህ ጸሎት ነው። ጸሎትና ድግምት የሚለዩበትንም የእንጦንስ ገድል በታሪክ አሳይቷል። ድግምት ፍጻሜውን ያዛል፤ ጸሎት ፍጻሜውን ለባለቤቱ ይተዋል። ድግምት ቃሉን ቈርጦ የሚጠቅመውን ብቻ ይወስዳል፤ ጸሎት የሚያዝዘውንም ተስፋ የሚሰጠውንም አንድ አድርጎ ይቀበላል። ድግምት ደጋሚው ማን ቢሆን ግድ የለውም፤ ጸሎት ግን ከሚጸልየው ሰው ኑሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ገንዘብ በሚፈትነው ጊዜ ስለ ገንዘብ የተጻፈውን የሚጠራ ነጋዴ፥ አስቀድሞ ሚዛኑን በዚያ ቃል አቅንቶ እንደ ሆነ ቃሉ በአፉ ይጸናለታል። ቍጣ ሲነሣበት ስለ ትዕግሥት የተጻፈውን የሚያስታውስ ሹም፥ በሰላሙ ቀን በድኻ ላይ የነበረውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ እንደ ሆነ ጥቅሱ አይሸሸውም። ፈተና በመጣ ሰዓት አዲስ ቃል አይማሩም፤ የተኖረበት ቃል ብቻ ይገኛል። እንጦንስ በመቃብሩ ወለል ላይ ወድቆ የዘመረው መዝሙር ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሬቱን በለቀቀ ቀን የተጀመረ ነበረ።